ፊትና አንገት አንድ እስኪመስሉ

ባለፈው መስከረም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ማስተማር በጀመርሁ ሰሞን፣ ከፊት ወንበር የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች። ስለ ትምህርቱ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

«ቲቸር፣ ሙሽራ ይቀቡ ነበር አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኋት።

«ታዲያ ራስዎ ለምን አይቀቡም?»

ክፍሉ ሳቀ። በዚያ ጧት ግን ተቀብቼ ነበር። አፍንጫዬና አገጬ ላይ ስስ ፋውንዴሽን፣ ከንፈሬ ላይ የከንፈሬን የውስጥ ቀለም የመሰለ ሊፕስቲክ፣ ከዓይኔ ሥር ደግሞ ድካሜን የሚሸፍን ጥቂት ነገር ነበረኝ። ይህን ለክፍል ሙሉ ልጅ ቆሜ ማስረዳት ስለከበደኝ ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ዓይነ አፋር ነኝ፤ በጽሑፍ ይቀለኛል። «የሥራ ዘመን» የሚለው ቃል ለኔ ዕድሜ ሊበዛበት ይችላል። ሆኖም አንድ ሥራ ይዤ፣ ከሰው ተምሬ፣ አጥፍቼበትና አርሜበት ትቼዋለሁ። የተውሁትም ጠልቼው አይደለም፤ የተማርሁበት ሥራ ስለተገኘ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ደብረ ታቦር እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳ እያየሁ መመለስ ሥራዬ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ቫዝሊን ልገዛ ገበያው አጠገብ ወዳለው የእትዬ ዘሃራ ሱቅ ገባሁ። እትዬ ዘሃራ ሽቶ፣ ቅባት፣ ሂናና የፊት ቀለም የሚሸጡ፣ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ሙሽራ የሚያሰናዱ ሴት ናቸው። ያን ዕለት ፊቷ ያበጠ ደንበኛ ፊታቸው ቆማ ነበር። ጠርሙሱን ወደኔ ዘረጉልኝና «ልጄ፣ ዓይንሽ ደህና ነው? ይህን ጉንዳን የሚያህል ጽሑፍ አንብቢልኝ» አሉኝ።

አነበብሁላቸው። ከገባበት ነገር አንዱ የአንዳንድ ሰው ቆዳ የማይወደው ሽታ መሆኑንም ነገርኋቸው። ልጅቱ ገንዘቧን ተቀብላ ሄደች።

«ምን ተምረሽ ነው?»

«ኬሚስትሪ።»

«ሥራ ይዘሻል?»

«አልያዝሁም።»

«እንግዲያ ነገ ነይ። ማንበቡን አንቺ፣ ማየቱን እኔ።»

ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ እናቴም የተማረ ሰው ሱቅ መቆሙን አልወደደችውም። እኔ ግን ለመድሁት። ዓይነ አፋር ሰው የሰው ፊት እያየ መኖሩ የሚገርም ሊመስል ይችላል። ነገሩ ሌላ ነው። ጉንጭ ስታይ ዓይን ማየት የለብህም። የሰዎችን ፊት ለሰዓታት እያየሁ ከማንም ጋር ዓይን ለዓይን ሳልጋጭ የዋልሁበት ቀን ብዙ ነው።

እትዬ ዘሃራ ቀለሞቹን በጠርሙሱ ቁጥር አይጠሩም ነበር። «ቁጥሩን የጻፈው ሰው ደብረ ታቦርን አያውቃትም» ይላሉ። የሳቸው አጠራር ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ጤፍና ዳጉሳ ነበር። ማኛ ነጩ ጤፍ ነው፤ ሰርገኛ ነጩና ቀዩ የተደባለቀው፤ ዳጉሳ ደግሞ ጠቆር ብሎ ከሥሩ ቀላ የሚል እህል ነው። ሁለት ሴቶች እኩል ጠይም ሆነው አንዷ ከሥሯ ወደ ቢጫ፣ ሌላዋ ወደ ቀይ ልታደላ ትችላለች። ጠርሙሱ ላይ አንድ ቁጥር ይሆናሉ፤ ለእትዬ ዘሃራ ግን ሁለት የተለያዩ እህሎች ናቸው። ከመልኳ የነጣ ነገር ተቀብታ የምታልፍ ልጅ ካዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዳጉሳ ላይ የማኛ ዱቄት ነስንሳ ወጣች» ይሉኛል።

የሚያስተምሩኝ ተቀምጠው እየነገሩ አልነበረም። የሚያደርጉትን አይ ነበር። ደንበኛ ስትገባ ወዲያው ጠርሙስ አያነሡም። በርጩማ ላይ ያስቀምጧታል፣ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ይጠይቋታል። አቀበት ወጥታ የመጣች ሴት ፊቷ የደም ቀለም ይዞ ይቆያል፤ በብርድ የመጣችም እንደዚያው። አንዲት የቸኮለች ደንበኛ «ምን ያስቀምጠኛል?» ስትላቸው «ፊትሽ ገና ከመንገድ አልገባም፤ እሱን እየጠበቅን ነው» አሏት።

ከዚያ ነጭ ነጠላ ከአገጯ ሥር ያነጥፉላታል። ቀይ ሹራብ የለበሰች ሴት አገጯ ይቀላል፤ አረንጓዴ የለበሰች ደግሞ የታመመች ትመስላለች። ነጠላው ያንን ያጠፋል። ቀጥሎ ከሱቁ ያስወጧታል። ከሱቆቹ ፊት የተዘረጋው ሰማያዊ ሸራ በፊት ላይ ሰማያዊ ጥላ ስለሚጥል፣ ከሸራው አልፈው ሰማይ ሥር ያቆሟታል። ከጆሮዋ በታች፣ መንጋጋዋ ከአንገቷ በሚገናኝበት ቦታ፣ ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ያስነካሉ። እጅ ላይ አይሞክሩም፤ እጅ ፀሐይም ሳሙናም ያየ ነው። ፊትንም አያምኑም። «ፊት ሰው የሚያየው ነው፤ ስለዚህ ይዋሻል። አንገትን እመኚ» ይላሉ።

ሞክረው አይሸጡም ነበር። «አሁን ጎመንሽን ገዝተሽ ተመለሽ» ብለው ይሸኟታል። ስትመለስ አንደኛው ቀለም ጠቁሮ ወይም ቀልቶ ይገኛል፤ ሌላው ጠፍቶ ይገኛል። የሚሸጡላት የጠፋውን ነው። ቀለሙ ከቆዳ ወዝና ከአየር ጋር ሲገናኝ እንደሚለወጥ እኔ በትምህርቴ አውቀው ነበር። ስነግራቸው «እሱማ ጎመን እስኪገዛ ያለው ነው» አሉኝ። ሁለታችንም ስለ አንድ ነገር ነበር የምናወራው። የሚስማማ ቀለም ከሌላቸው ደግሞ «ያንቺን አላመጡልኝም» ብለው ባዶ እጇን ይሸኟታል።

የከንፈር ቀለም የሚመርጡት የታችኛውን ከንፈር ገልጠው ውስጡን በማየት ነው። ለጉንጭ ደግሞ ልጅቱ አቀበቱን ፈጠን ብላ ወጥታ እንድትመለስ ይልኳትና በፊቷ ላይ የወጣውን የደም ቀለም ያያሉ። ኩል ከላይኛው ሽፋሽፍት ሥር ብቻ። ፓውደር ወዝ በሚወጣበት ብቻ። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ይጫኑትና ግማሹን ያነሡታል። አድናቆት የሚባል አልነበራቸውም። ሥራዬን አይተው ዝም ካሉ አለፍሁ ማለት ነው።

ከዚያ አንበሳሜ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄድሁ። ሰናይት የምትባል ሴት የውበት ሳሎን ከፍታ በተሻለ ደመወዝ ጠራችኝ። የአንበሳሜ ደንበኛ በገበያ ቀን ብዙ ነው፤ እጄ የፈጠነው እዚያ ነው። እንደተማርሁት አንዲት ነጋዴ ሴት ቀብቼ መስተዋት ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው።

«ጀምሪ እንጂ» አለችኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«የቱን? እኔ ገንዘብ የምከፍለው ራሴን ለማየት ነው? እሷንማ ቤቴም አያታለሁ።»

ሰናይት እስክታነባ ሳቀች። «ሰው የከፈለበትን ማየት ይፈልጋል፣ የኔ እህት» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ሁሉም ሰው የማይታይ ነገር አይፈልግም። ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ የምጠይቀው «እንዲታወቅ ነው ወይስ እንዳይታወቅ?» የሚል ሆነ። ከሰናይት ጋር የተለያየነው በሌላ ነገር ነው። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት የፊት ማንጫ ክሬም በዕቃ እያመጣች መሸጥ ጀመረች። የማላነበውን ነገር ሰው ፊት ላይ ማድረግ አልቻልሁም። ይህን ልነግራት አፌ አልታዘዘኝም፤ እናቴ አሟታል ብዬ ወደ ደብረ ታቦር ተመለስሁ። እትዬ ዘሃራ ምንም ሳይጠይቁ በሱቃቸው በር ላይ አንድ ወንበርና አንድ መስተዋት ሰጡኝ። የንግድ ፈቃድ ለማውጣት የተመላለስሁትን እዘለዋለሁ።

ትርንጎ የመጣችው በዚያ ወንበር እያለሁ ነው። ከጉና ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ፣ በገበያ ቀን፣ ድንች ከጫነ ታናሽ ወንድሟ ጋር መጣች። ወንድሟ ደሳለኝ ይባላል። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ከሸራው ውጭ በቅሎዋን ይዞ ቆመ።

«ቶሎ በይ እንግዲህ» አላት ከውጭ። «በቅሎዋም ልቀባ ሳትል።»

«አንተ ድንችህን ሽጥ» አለችው ዞር ሳትል። ከዚያ ነጠላዋን ገለጠችልኝ። በሁለቱም ጉንጮቿ አጥንት ላይ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ የተቆላ ገብስ የመሰለ ማድያት ነበረባት።

«ይህን ማጥፋት ትችያለሽ?»

«ማጥፋት አልችልም። መሸፈን እችላለሁ።»

«ሸፍኚው። ግን መሸፈኑ እንዳይታወቅ።»

የምታገባው ዲያቆን ነው፤ የሚጋቡትም በተክሊል። ተክሊል የደናግል ጋብቻ ነው፤ ሙሽሮቹም በዚያው ጧት ይቆርባሉ። ለሽምግልናው ከመጡት መካከል የሙሽራው አክስት እትዬ ዘውድነሽ ነበሩ። ትርንጎን ትኩር ብለው አይተዋት ሄዱ። በኋላ አንዲትን ጎረቤት «ይቺ ልጅ ከዚህ በፊት ወልዳ ታውቃለች?» ብለው እንደጠየቁ ወሬው ደረሳት። በኛ አገር ማድያት ያረገዘች ሴት ምልክት ነው ይባላል።

«እኔ ከድንች ማሳ ወጥቼ አላውቅም» አለችኝ ትርንጎ። «ብርዱና ፀሐዩ ነው። ግን በየቤቱ እየዞርሁ ብርድ ነው ልበል? ካዩት ያሙኛል። ተቀብቼ ከያዙኝ ደግሞ ምን ልትደብቅ ነው ይላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቢመልሱኝ እናቴ ትሞታለች።»

እንዲህ ያለ ሥራ ቀርቦልኝ አያውቅም ነበር። ማድያት ላይ በቀጥታ ፋውንዴሽን ቢደረግ አመድ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ኮንሲለር የሚባል መሸፈኛ በቀጭኑ ቦታው ላይ ብቻ አደረግሁ፤ አመዱን የሚገድለው እሱ ነው። በላዩ የሚሆነውን ቀለም ከሁለት ጠርሙስ ቀላቅዬ ከአንገቷ ጋር አስማማሁ። ሰማይ ሥር አቆምኋት። ጎመን እንድትገዛ ላክኋት። ስትመለስ ደሳለኝ ቀና ብሎ አያት።

«ፊትሽን ታጠብሽ እንዴ?» አላት።

ከዚያ የተሻለ መልስ አልፈልግም ነበር። እትዬ ዘሃራም ከወንበራቸው ሆነው አይተው ዝም አሉ። የቀላቀልሁትን ቀለም በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ ለሠርጉ አስቀመጥሁት።

የሠርጉ ጧት ሙሽራዋ ያረፈችበት የዘመዶቿ ቤት ሄድሁ። ገና አልነጋም፤ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ቢጫ አምፖል ነበረች። ትርንጎ ካባ ደርባ፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ተቀምጣለች። ሴቶቹ ብርድ ይመታታል ብለው ነጠላውን እንድፈታው አልፈቀዱም። የጢስ ሽታ ሸተተኝ፤ ድግስ ቤት ስለሆነ የማድቤት ጢስ ነው አልሁ። በብልቃጡ ያለው ቀለም በሰማይ ሥር የተረጋገጠ ነው ብዬ ስለተማመንሁ እንደ ሙከራው አድርጌ ቀባኋት። ቅብዐ ቅዱስ ስለሚቀቡት ግንባሯን አልነካሁም። ስለምትቆርብ ከንፈሯንም ተውሁት። በአምፖሉ ብርሃን ፊቷ ልክ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። እትዬ ዘውድነሽ ሙሽራዋን ተቀብለው ለማስገባት በሴቶቹ በር በኩል ቆመዋል። ጫማዋን አስወለቋት፤ ነጠላዋን በወግ ሊያለብሷት ከአንገቷ ፈቱት።

እኔም ያኔ ነው ያየሁት። አንገቷ እንደ ደረሰ ስንዴ ወርቅማ ሆኗል። ፊቷ ከሱ ላይ ሲታይ አመድ ነው። የሁለት ሴት አካል ይመስል ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ዘውድነሽ። «ፊቷን በአመድ ነው ያሻችኋት?»

ያጀቧት ሴቶች ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ተቀብታ ነው ሥጋ ወደሙ የምትቀበል?» የነጠላቸውን ጫፍ በውኃ አርጥበው ፊቷን ጠረጉት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ማድያቱ ታየ። እጃቸው ቆመ።

«አሃ» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ ይህን ነው።»

ከኋላ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ለሌላዋ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገረቻት። እኔ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። ስለ ማድያት የማውቀውን ሁሉ በዚያች ደቂቃ መናገር እችል ነበር፤ እኔ ግን የቦርሳዬን ዚፕ ደግሜ ዘጋሁ።

«ዝም አይበሉ፣ እትዬ» አለች ትርንጎ። «ይጠይቁኝ።»

«ምን ልጠይቅሽ?»

«ጎረቤታችንን የጠየቁትን።»

ትርንጎ ወደ ወንዶቹ በኩል አንገቷን አስግጋ «ደሳለኝ! እስቲ ና» አለች። ደሳለኝ ጫማውን በእጁ ይዞ መጣ።

«ጋቢህን ግለጥ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ግለጥ ስልህ።»

ገለጠ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ ፊቱን አላየሁትም ነበር፤ እኔ የማየው የሴት ፊት ነው። በሁለቱም ጉንጮቹ አጥንት ላይ የእኅቱን የመሰለ ማድያት አለበት፤ እንዲያውም የሱ አፍንጫው ድረስ ይሻገራል።

«ይኸው» አለች ትርንጎ። «እኔ ካረገዝሁ አብረን ነው ያረገዝነው።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ደሳለኝ ጉንጩን ዳሰሰ፤ ምን እንደተባለ ገና አልገባውም። እትዬ ዘውድነሽ አልሳቁም። ከውስጥ የሚቀድሰው ዲያቆን ሙሽራዋን ሲጣራ ነጠላዋን አስተካክለውላት «ግቢ» አሏት። እንደተጠረገች፣ ያለ ምንም ቀለም ገባች።

አንገቷ የተለወጠው በወይባ ነበር። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ቅቤ ተቀብታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ወይባ የሚባለው እንጨት ከሚጨስበት ጉድጓድ ላይ ትቀመጣለች፤ ገላዋ ወርቅማ ይሆናል። ጧት የሸተተኝ ጢስ እሱ ነው። ኋላ ይህን ለእትዬ ዘሃራ ነገርኋቸው። የከተማ ሙሽሮቻቸውን የሚቀቡትም የሚያስማሙትም በሠርጉ ዕለት ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማቸውም። «አንገትም መንገድ ይሄዳል ለካ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ለሙሽራ ሁሉ ወይባ ትገቢያለሽ ወይ ብለን ሳንጠይቅ ጠርሙስ አልከፈትንም፤ ገላዋ ከጢስ ወጥቶ ሳናይም ቀለም አልቀላቀልንም።

ያን ዕለት ግን ቀኑ ገና አላለቀም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሙሽሮቹ ዳስ ወደተጣለበት የሙሽራው ቤት ሄዱ። እኔ በጓሮ በኩል ልጠፋ ስል ትርንጎ አስጠራችኝ። ወደ ጓሮ በር ያለው ክፍል ውስጥ ካባዋን አውልቃ ተቀምጣለች፤ ክንዶቿም እንደ አንገቷ ናቸው።

«ወይባ ሞቄ ነበር» አለችኝ። «ማድያቱ እንዳይብስ ብዬ ፊቴን ከጢሱ አርቄዋለሁ።»

«አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅሽኝም።»

እውነቷን ነው። ቁጣ ግን አልነበረባትም። «አሁን ካሜራው መጥቷል። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ የጧቱን ሰምቷል። ፊቴን ከአንገቴ አስታርቂልኝ።»

በርጩማዋን በጓሮው በር ብርሃን ላይ አደረግሁት። ነጭ ነጠላ ከአገጯ ሥር አነጠፍሁ። ወደ ቢጫ የሚያደላውን ጠርሙስ አውጥቼ ከመንጋጋዋ ጀመርሁ። ከዚያ ብርቱካንማውን ኮንሲለር ሳነሣ እጄን ያዘችኝ።

«እሱን ተይው።»

«ማድያቱ ይታያል እኮ።»

«ይታይ። ጧት ሁሉም አይቶታል። አሁን ብታጠፊው የት ሄደ ብለው ይፈልጉታል። የደበቀችው ነገር አለ የሚሉት ያን ጊዜ ነው።»

እስከዚያ ድረስ የማውቀው የሚሸፍን ቀለም መምረጥ ነበር። አሁን አንድ ነገር ባለበት እንዲቆይ፣ ሳይደምቅም ሳይደበዝዝም እንዲታይ መምረጥ ነበረብኝ። ፊቷን እንደ አንገቷ ወርቅማ ባደርገው ማድያቱ አጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር ሲተያይ ይጠቁራል። እንደነበረ ብተወው አንገቷ ይለያል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ቀለም ቀላቀልሁ፤ ከጆሮዋ በታች ወደ አንገቷ የሚያደላ፣ ወደ ጉንጯ ሲመጣ እየሳሳ የሚሄድ። ማድያቱ ጠርዝ ላይ ስደርስ በጣቴ ጫፍ አሟሟሁት። ማድያቱ ላይ ምንም አላደረግሁም። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ጫንሁና ግማሹን አነሣሁት።

ቀና ስል እትዬ ዘውድነሽ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ደግሞ እየቀባሻት ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ፣ እየተቀባሁ ነው» አለች ትርንጎ። «ቀርበው ይዩት።»

ገቡ። ጎንበስ ብለው አዩዋት። አውራ ጣታቸውን ማድያቱ ላይ አድርገው አሹት፤ ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አዩት።

«ይህ አልተሸፈነም።»

«አልተሸፈነም» አልሁ። ያን ቀን ለሳቸው የተናገርሁት ይህንን ብቻ ነው።

ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉት። «ያ ጧት የጠራሽው ልጅ ታናሽሽ ነው?»

«ታናሼ ነው።»

«ሚስት አግብቷል?»

«አላገባም።»

«እንዲህ ሆኖ ማን ያገባዋል» አሉ።

«መጀመሪያ ይገላገል» አለች ትርንጎ።

እትዬ ዘውድነሽ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ካባዋን አልብሰው፣ እጇን ይዘው ወደ ዳሱ ወሰዷት። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ከኋላ ተከተልሁ።

ዳሱ ሙሉ ነበር። ሙሽራዋ ስትገባ ዕልልታው ቀለጠ፤ ሲበርድ ግን ከሙሽራው ወገን የሆኑ ሴቶች አንገታቸውን ማስገግ ጀመሩ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴት «ፊቷ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉ፤ ማንን እንደጠየቁ ግን ግልጽ አልነበረም። ትርንጎ ቀጥ ብላ ቆማለች። እጇ በእትዬ ዘውድነሽ እጅ ውስጥ ነበር።

«የጉና ልጅ ናት» አሉ እትዬ ዘውድነሽ፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማቸው አድርገው። «እዚያ ላይ ብርዱ ሰው ይበላል። ይቺስ ምን አላት፤ ወንድሟን ብታዩት።»

ከዚያ ደሳለኝን ከበሩ አጠገብ በጋቢው ጎትተው አመጡትና ከሙሽራዋ ጎን፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀመጡት። ጋቢውን ራሳቸው ከራሱ ላይ አወረዱለት።

«እዚሁ ቁጭ በል» አሉት። «እንዳትከናነብ።»